ሩቢ፣ ሲልቪያ ወይስ ባርባራ? ልጆች በቀለም ተለያይተው የተማሩበትን ዘመን በላይብረሪ ለመንገር የቱ ታሪክ ይሻላል?

ፌብሩዋሪ ሲደርስ፣ ማለትም የጥቁር አሜሪካውያን የታሪክ ወር ሲገባ፣ በአሜሪካ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይብረሪ ከመደርደሪያው ፊት የምትቀመጠው ልጅ ትታወቃለች። በአራት የፌደራል ማርሻሎች (የፍርድ ቤት ትእዛዝ በሚያስፈጽሙ የመንግሥት ጠባቂዎች) መካከል የምትራመደው የስድስት ዓመቷ ሩቢ ብሪጅስ ናት። ጥቁርና ነጭ ልጆች በሕግ ተለያይተው ይማሩ እንደነበር ለትንንሾች ሲነገር ከእሷ መጀመር ልማድ ሆኗል። ልማዱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ሌሎች ታሪኮችም አሉ፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም፣ በተለይ የስደተኛ ልጆች ለበዙበት ክፍል፣ ከእሷ ይልቅ የሚሠሩ ይመስለኛል።

ይህን የምጽፈው በትምህርት ቤት ላይብረሪ ለምትሠሩ፣ በእሑድ የአማርኛ ክፍል ለምታስተምሩና ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ለምታነቡ ወላጆች ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ለቸኮለ አንባቢ ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ከኬጂ እስከ አንደኛ ክፍል ሩቢ፤ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ክፍል ሲልቪያ ሜንዴዝ፤ ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል ባርባራ ጆንስ። ያላችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ከሆነና የልጆቹ ዕድሜ የተቀላቀለ ከሆነ ግን ሦስቱንም ትታችሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለችውን የአሌክሳንድሪያን ላይብረሪ ታሪክ ንገሯቸው። ምክንያቴ ካላሳመናችሁ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ትችላላችሁ።

በምን እንመዝን?

የእኔ ዋና መለኪያ ይህ ነው፤ ልጁ ከምንጣፉ ሲነሣ «ማን ነው የለያያቸው?» ብትሉት ምን ይመልሳል? «ክፉ ሰዎች» ካለ ግማሹ ታሪክ አልደረሰውም። የለያያቸው ሕግ ነው። ሕጉን ያወጡት ሕዝብ የመረጣቸው ሰዎች ናቸው፤ ያስፈጸሙት ደግሞ በሰፈራቸው የተከበሩ የትምህርት ቦርድ አባላትና ርእሰ መምህራን ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1896 መገልገያው እኩል እስከሆነ ድረስ ሰውን በቀለም መለየት ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ፈረደ። በትምህርት ቤቶች ላይ ይህን አሠራር የሻረው ከ58 ዓመት በኋላ፣ ሜይ 17 ቀን 1954፣ ብራውን እየተባለ በሚጠራው ፍርድ ነው። ዘጠኙም ዳኞች አንድ ድምፅ ነበሩ። (ጃንሆይ ለመንግሥታዊ ጉብኝት ዋሽንግተን የገቡት ከዚህ ፍርድ በኋላ በዘጠነኛው ቀን ነው። ከፍ ላሉ ልጆች ይህን ጣል አድርጉላቸው፤ ዘመኑን ከሚያውቁት ስም ጋር ያያይዙታል።)

ፍርድ ቤቱ በ1955 አፈጻጸሙን በሚመለከት ሌላ ውሳኔ ሲሰጥ ቁርጥ ያለ ቀን አላስቀመጠም። በደቡብ ያሉ ባለሥልጣናትም ይህን ክፍተት እስኪጠግቡ ተጠቀሙበት። ሩቢ የትምህርት ቤቱን ደጅ የረገጠችው ፍርዱ በወጣ በስድስተኛው ዓመት የሆነው ለዚህ ነው። ልጆች «ፍርድ ቤቱ ከፈረደ ለምን ቆየ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የመረጣችሁት ታሪክ ይህን ጥያቄ ካላስነሣ ሌላ ፈልጉ።

ሌላው የማየው ሥራውን ማን እንደሠራው ነው። አንዲት ደፋር ልጅ ብቻዋን አገር ለወጠች የሚለው አተራረክ ለጆሮ ይጥማል፤ እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። ከእያንዳንዷ ልጅ ጀርባ ሥራውን ያጣ አባት፣ ዓመታት የተመላለሰ ጠበቃ፣ ተራ ገብቶ የጠበቀ ጎረቤት አለ።

ሩቢ፦ ለትንንሾቹ፣ ግን ብቻዋን አይደለም

ሩቢ ለኬጂና ለአንደኛ ክፍል የምትመቸው እኩያቸው ስለሆነች ነው። ኖቬምበር 14 ቀን 1960 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ዊሊያም ፍራንዝ የተባለው ትምህርት ቤት ስትገባ አንደኛ ክፍል ነበረች። በደጁ የተሰበሰበውን ጩኸታም ሕዝብ ስታይ ማርዲ ግራ የሚባለው የከተማው የጎዳና በዓል መስሏት እንደነበር ራሷ ተናግራለች። የስድስት ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል፤ እሱም ቢሆን እንደዚያ ነበር የሚመስለው።

የታሪኩ ልብ ያለው ግን ክፍሉ ውስጥ ነው። ነጭ ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጡ። ከቦስተን የመጣችው መምህርት ባርባራ ሄንሪ ዓመቱን ሙሉ አንዲት ተማሪ ብቻ አስተማረች፤ ባዶ ወንበሮች፣ አንድ ልጅና አንድ አስተማሪ። ለትንንሾች ስታነቡ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉ። ከማን ጋር ትጫወት ነበር? ምሳዋን ከማን ጋር በላች? እነዚህን ልጆቹ ራሳቸው ያነሷቸዋል።

የሩቢ ታሪክ ድክመቱ ሕጉ የማይታይበት መሆኑ ነው። የሚታየው የሚጮኽ ሕዝብ ነው፤ ስለዚህ ልጁ «ክፉ ሰዎች» ብሎ ይሄዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመጽሐፉ በፊት የሰፈር ካርታ ሣሉ። የሩቢ ቤት ከዊሊያም ፍራንዝ አምስት ብሎክ ብቻ ይርቅ ነበር። ኬጂ የተማረችው ግን ራቅ ባለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ነው። ቤቱን፣ ቅርቡን ትምህርት ቤት፣ ሩቁን ትምህርት ቤት በወረቀት ላይ አስቀምጡና «በየትኛው ትማር?» በሏቸው። ሁሉም ቅርቡን ይጠቁማሉ። ያኔ «ሕጉ አይቻልም ይላል» ትሏቸዋላችሁ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ክፈቱ።

ደግሞም ብቻዋን አታስቀሯት። በዚያው ቀን፣ በዚያው ከተማ፣ ማክዶኖ 19 ወደሚባል ሌላ ትምህርት ቤት ሦስት ልጃገረዶች ገብተዋል፤ ሊዮና ቴት፣ ቴሲ ፕሬቮስትና ጌል ኤቲየን። አብዛኞቹ የልጆች መጻሕፍት ስማቸውን አያነሡም። የሩቢ አባት ነዳጅ ማደያ ያለውን ሥራውን አጣ፤ ሚሲሲፒ የነበሩ አያቶቿ ከሚያርሱት መሬት ተነሡ። ጎረቤቶች ለአባቷ ሥራ ፈለጉ፣ ሕፃናቱን ያዙላቸው፣ የማርሻሎቹን መኪና ተከትለው በእግር ሸኟት። የእኛ ልጆች ጎረቤት ማለት ምን እንደሆነ ከእድር ያውቁታልና ይህን ክፍል አስረዝሙላቸው።

ለትንንሾች የምዘለው አለ። አንዲት ሴት እመርዝሻለሁ ብላ ስለዛተችባት ማርሻሎቹ ከቤት ያመጣችውን ብቻ እንድትበላ ማድረጋቸውን፣ ሌላዋ ደግሞ ጥቁር አሻንጉሊት በሬሳ ሣጥን አድርጋ ማምጣቷን ለኬጂ አልነግርም። ሦስተኛ ክፍል ሲደርሱ ይሰሙታል። በሁለተኛው ዓመት ግን ማርሻሎቹ እንደቀሩና ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ልጆች እንደነበሩ ሳትነግሩ ክፍለ ጊዜውን አትዝጉ፤ ባዶው ክፍል ውስጥ የቀረች ልጅ ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሕፃን ማታ እንቅልፍ ያጣል።

ሲልቪያ፦ ለስደተኛ ልጅ ከሁሉ ቅርብ

እኔን የሚገርመኝ ይህ ታሪክ በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ አለመታወቁ ነው። በ1940ዎቹ ካሊፎርኒያ፣ ኦሬንጅ ካውንቲ ውስጥ፣ የሜክሲኮ ዝርያ ላላቸው ልጆች ለብቻቸው የተመደቡ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ጎንዛሎና ፌሊሲታስ ሜንዴዝ ወደ ዌስትሚንስተር የመጡት እርሻ ተከራይተው ነው። የእርሻው ባለቤቶች፣ ሙኔሚትሱ የሚባሉ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ቤተሰቦች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰበብ ከቤታቸው ተነቅለው አሪዞና ውስጥ ካምፕ ገብተው ነበር። አንድ ግፍ የሌላውን ደጅ እንዴት እንደከፈተ ለአምስተኛ ክፍል ልጆች ማሳየት ይቻላል፤ ለሁለተኛ ክፍል ግን ይከብዳልና እለፉት።

የልጃቸው የሲልቪያና የወንድሞቿ አክስት ሶሌዳድ ቪዳውሪ የራሷንና የወንድሟን ልጆች ይዛ ለማስመዝገብ ሄደች። የእሷ ልጆች ቀይ መልክ ያላቸው፣ የአባታቸው ስም ፈረንሳይኛ የሚመስል ስለነበር እንቀበላለን ተባለች። ጠየም ያሉት ሲልቪያና ወንድሞቿ ግን ወደ ሜክሲኮዎቹ ትምህርት ቤት ይሂዱ ተባለ። አክስት ማንንም ሳታስመዘግብ ሁሉንም ሰብስባ ተመለሰች።

ይህን ለሐበሻ ልጆች ስታነቡ ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም። በአንድ ቤት ውስጥ ቀይም፣ ጠይምም፣ ጥቁርም ልጅ ይወለዳል። ወንድምና እህት በመልክ ምክንያት ለየብቻ ትምህርት ቤት ቢላኩ ብሎ ማሰብ ለእነሱ ሩቅ ነገር አይደለም። የሕጉ ሞኝነት እዚህ ላይ ራቁቱን ይታያል። የሚጮኽ ሕዝብ የለም፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መዝገብና በትሕትና የሚናገር ሠራተኛ ነው ያለው። «ማን ለያያቸው?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የጠራ መልስ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ጥቅሙ ሰበቡ ነው። ትምህርት ቤቶቹ ልጆቹን የለየነው እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ነው አሉ። ልጆቹ ግን እንግሊዝኛ ይናገሩ ነበር። ለቋንቋ ትምህርት ከክፍሉ እየወጣ የሚመለስ ልጅ ይህን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። የቋንቋ እርዳታ መስጠትና በቋንቋ አሳብቦ ማራቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በዚህ ዕድሜ መስማቱ መልካም ነው።

አምስት አባቶች በአራት የትምህርት አስተዳደሮች ላይ ክስ መሠረቱ፤ ክሱ ወደ 5,000 የሚሆኑ ልጆችን ወክሎ ነበር። ዳኛ ፖል ማኮርሚክ በ1946 ፈረደላቸው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1947 አጸናው። በዚያው ዓመት የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ትምህርት ቤት መለያየትን የሚፈቅዱትን ሕጎች የሚሽረውን ሕግ ፈረመ። አገረ ገዥው ኧርል ዋረን ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሆኖ የብራውንን ፍርድ የጻፈው እሱው ራሱ ነው። በብራውን ጉዳይ የተከራከረው ቱርጉድ ማርሻልም በሜንዴዝ ጉዳይ ላይ ለከሳሾቹ የድጋፍ አስተያየት ካቀረቡት አንዱ ነበር።

ጉድለቱ ምንድን ነው? የፍርድ ቤቱ ክፍል ለልጅ ይደርቃል። አሳጥሩት፤ አባት የእርሻ ሥራውን ትቶ ወላጆችን ለመሰብሰብ ዞረ፣ እናት እርሻውን ያዘች በሉ። ከዚህ የሚከብደው ሌላ ነው። ሲልቪያን ብቻ ነግራችሁ ካቆማችሁ የጥቁር አሜሪካውያን ትግል ከታሪኩ መካከል ወደ ዳር ይወጣል፤ አንዳንድ ወላጅም ይህን ታሪክ የሚመርጠው ስለ ጥቁሮች መናገርን ለመሸሽ ነው። ሲልቪያ በር ትሁን እንጂ ቤቱ እሷ አይደለችም።

ባርባራ፦ ልጆች ራሳቸው የሠሩት

ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል ምርጫዬ ያለ ማመንታት ባርባራ ጆንስ ናት። ፋርምቪል፣ ቨርጂኒያ፣ ሮበርት ሩሳ ሞተን የተባለው የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተሠራው ለ180 ተማሪዎች ነበር። በ1951 ከ450 በላይ ይማሩበት ነበር። ትርፉን ለማስተናገድ በሬንጅ ወረቀት የተሸፈኑ ጎጆዎች ተሠሩ፤ ዝናብ ያስገባሉ፣ ከምድጃው አጠገብ ያለ ይቃጠላል፣ ራቅ ያለ ኮቱን ለብሶ ይማራል።

ኤፕሪል 23 ቀን የ16 ዓመቷ ባርባራና ጓደኞቿ ርእሰ መምህሩን በስልክ አታለው ከግቢ አስወጡት፤ ከተማ ውስጥ ተማሪዎች ችግር ገጥሟቸዋል ተባለና ሄደ። ከዚያ ተማሪው ሁሉ አዳራሽ ተጠራ፣ መጋረጃው ተከፈተ፣ መድረኩ ላይ የቆመችው ባርባራ ነበረች። መምህራኑ እንዲወጡ ጠየቀች። ተማሪዎቹም አድማ መቱ። ልጆች በዚህ ቦታ ላይ መሳቅ ይጀምራሉ፤ ይሳቁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ታሪኩን ለከፍተኛዎቹ ክፍሎች የሚያበቃው። ተማሪዎቹ የፈለጉት አዲስ ሕንፃ ነበር። ጠበቆቹ ኦሊቨር ሂልና ስፖትስውድ ሮቢንሰን ግን ጉዳዩን የምንይዘው መለያየቱ ራሱ እንዲቀር ከከሰሳችሁ ነው አሏቸው። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዝጉና ጠይቁ፤ እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጣላችሁ? አዲስ ሕንፃ ቶሎ የሚገኝ ይመስላል፤ ሌላው ዓመታት ይፈጃል፣ ላይሳካም ይችላል። የአሥር ዓመት ልጆች በዚህ ላይ ከአዋቂ የማያንስ ክርክር ይከራከራሉ። ተማሪዎቹና ወላጆቻቸው ሁለተኛውን መረጡ፤ ክሱም በብራውን ስም ከተጠቃለሉት አምስት ጉዳዮች አንዱ ሆነ።

ከድሉ በኋላ ምን መጣ? ፋርምቪል ያለችበት የፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ባለሥልጣናት ጥቁርና ነጭን ከምናቀላቅል ብለው በ1959 የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን በሙሉ ዘጉ። እስከ 1964 ድረስ አልተከፈቱም። ነጮቹ የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው፤ ብዙ ጥቁር ልጆች ግን ዓመታት ያለ ትምህርት ቀሩ፣ ሌሎቹ ወደ ዘመድ ተላኩ። ይህን አትደብቁ። ፍትሕ ተፈርዶም እንደሚዘገይ ለአምስተኛ ክፍል ልጅ ቢነገር አይበዛበትም።

ለላይብረሪ ሠራተኞች ደግሞ አንድ ስጦታ አለ። ባርባራ ስታድግ በፊላደልፊያ ትምህርት ቤቶች ላይብረሪያን ሆና ሠርታለች። በዋሽንግተኑ ካፒቶል ቨርጂኒያን ወክሎ የቆመው፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ የደቡቡን ጦር የመራው የጄኔራል ሮበርት ሊ ሐውልት በ2020 ሲነሣም በምትኩ የተመረጠችው እሷ ናት። መድረክ ላይ የወጣችው ልጅ መጻሕፍት ስታውስ የኖረች መሆኗን በላይብረሪ ምንጣፍ ላይ ለተቀመጡ ልጆች መንገር ደስ ይላል።

የእሷ ታሪክ የሚያስቸግረው ለትንንሾች ነው። አድማ፣ ጠበቃ፣ የካውንቲ ቦርድ የሚሉት ነገሮች ለሰባት ዓመት ልጅ ጭጋግ ናቸው።

ላይብረሪው ራሱ፦ አንድ ቀን ብቻ ላላችሁ

ብዙ ሐበሾች በሚኖሩባት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ኦገስት 21 ቀን 1939 አምስት ወጣት ጥቁሮች ደህና ልብስ ለብሰው ወደ ከተማው ላይብረሪ ገቡ። እየተራመዱ አንድ በአንድ የላይብረሪ ካርድ ጠየቁ። አይሰጥም ተባሉ። ከመደርደሪያው አንድ አንድ መጽሐፍ አንሥተው በየጠረጴዛው ተቀምጠው ዝም ብለው ማንበብ ጀመሩ። ፖሊስ ተጠርቶ አሰራቸው። ይህን ያቀደው የ26 ዓመቱ ጠበቃ ሳሙኤል ታከር ነበር።

ጉዳዩ ትምህርት ቤት አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ነገር ግን ለልጅ «ተለያይተው ግን እኩል» የሚባለው ለምን ውሸት እንደነበር ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ አላውቅም። ከተማው ካርድ ከመስጠት ይልቅ በ1940 ለጥቁሮች ለብቻ ሌላ ላይብረሪ ከፈተ፤ አነስ ያለ፣ ያገለገሉ ዕቃዎችና ያረጁ መጻሕፍት የሞሉት። ታከር የዚያን ካርድ አልፈልግም አለ። ልጆቹ ተቀምጠው ያሉት ላይብረሪ ውስጥ ነው፤ ዙሪያቸውን እያዩ «ይህ ሁሉ ለእነዚያ፣ ያ ጥግ ብቻ ለእናንተ ቢባል?» የሚለው ጥያቄ ያለ ትወና ይገባቸዋል። ከትምህርት ቤቶች ጋር የሚያገናኘውም አይጠፋም። በ1968 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቨርጂኒያ ውስጥ የነበረውን «ወላጅ ይምረጥ» የሚል የማዘግያ ዘዴ በቂ አይደለም ያለበትን ጉዳይ ቆሞ የተከራከረው ይኸው ሳሙኤል ታከር ነው። ዛሬ በከተማዋ በስሙ የሚጠራ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ።

ከታሪኩ በኋላ የላይብረሪ ካርድ የሌላቸውን ልጆች እዚያው አስመዝግቡ። የመልመጃ ወረቀት ሳትበትኑ የምትሠሩት ሥራ ይህ ነው።

ሌሎቹ በአጭሩ

ሊትል ሮክ፣ አርካንሳስ፣ 1957። የነጮች ወደነበረ ትምህርት ቤት የሄዱ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች፣ በር የዘጋ አገረ ገዥ፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የላከው ጦር። ታላቅ ታሪክ ነው፤ ግን ወታደሩ ይበዛበታልና ከአምስተኛ ክፍል በታች አልመርጠውም። ከመረጣችሁት ከዘጠኙ አንዷ የሆነችው ኤልሳቤጥ ኤክፎርድ በመጀመሪያው ቀን ብቻዋን የሆነችው ቤታቸው ስልክ ስላልነበረ የዕቅዱን መለወጥ ሳትሰማ ቀርታ መሆኑን ንገሩ፤ ልጆች ይህን አይረሱትም።

ሳራ ሮበርትስ፣ ከነጮች ትምህርት ቤት የተከለከለች ጥቁር ልጅ፣ ቦስተን። አባቷ የመሠረቱት ክስ በ1850 ተሸነፈ፤ በ1855 ግን የማሳቹሴትስ ሕግ አውጪዎች መለያየቱን ከለከሉ። ሰሜኑ ንጹሕ ነበር ለሚሉ ማርከሻ ይሆናል። ከዚያ ውጭ ለልጆች የሚሆን የዕለት ተዕለት ዝርዝር ያንሰዋል።

በአርሊንግተን የምትኖሩ ደግሞ የሰፈራችሁን አትርሱ፤ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1959 አራት ጥቁር ተማሪዎች ወደ ስትራትፎርድ ትምህርት ቤት ገቡ። ሕንፃው ዛሬም ትምህርት ቤት ነው፣ ለእኩል ትምህርት በታገለችው በዶሮቲ ሃም ስም ይጠራል።

መጽሐፍ፣ ሥዕል፣ ፎቶ ወይስ ትወና?

ታሪኩ ከተመረጠ በኋላ መንገዱ ይቀራል። ጮክ ብሎ ማንበብን የሚያህል የለም፤ ከሁሉም የሚረክሰውም እሱ ነው። በአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ መጽሐፍ ይበቃል። ሩቢ ስለ ራሷ የጻፈቻቸው መጻሕፍት ስላሉ፣ በሌላ ሰው ከተጻፈውና እሷ ከጻፈችው ለመምረጥ ከተቸገራችሁ የእሷን ውሰዱ።

ሠዓሊው ኖርማን ሮክዌል የሣለውንና በ1964 በመጽሔት ላይ የወጣውን የሩቢን ሥዕል ለማሳየት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ግድግዳውን ልብ ብላችሁ እዩት። በላዩ ላይ ጥቁሮችን የሚያዋርደው ስድብ ተጽፏል። ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል አሳይቼ ስለ እሱ እናገራለሁ፤ የማርሻሎቹ ራስ ለምን በሥዕሉ ውስጥ አልገባም ብሎ መጠየቅም ጥሩ መነሻ ነው። ለትንንሾች ግን በዚያ ቀን ከተነሡት ፎቶግራፎች አንዱ ይሻላል፤ ስድቡም የለበትም፣ እውነተኛ ልጅ መሆኗም ይታያል።

ትወናን አልደግፍም። ልጆችን በዓይን ቀለም ወይም በልብስ ለይቶ ግማሹን ማስከፋት፣ ከዚያ «ይኸው ተሰማችሁ?» ማለት፣ በ1968 አዮዋ ውስጥ ጄን ኤሊዮት የተባለች መምህርት በሦስተኛ ክፍሏ ከሠራችው ወዲህ ብዙዎች ይሞክሩታል። እሷ ልጆቹን ቀኑን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ የምታገኛቸው አስተማሪያቸው ነበረች። የላይብረሪ ሠራተኛ በሳምንት ለአንድ ክፍለ ጊዜ አግኝቷቸው፣ አስከፍቷቸው፣ ደወል ሲደወል ወደ ሒሳብ ክፍል ሊሰዳቸው ነው። ከክፍሉ አንድ ብቻ ጥቁር የሆነው ልጅ ደግሞ «ሩቢን አንተ ሁን» ሲባል ምን እንደሚሰማው አስቡት።

የእኛ ልጆች ሲጠይቁ

«እኔ ብሆን የት ነበር የምማረው?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። መልሱን አትሸፋፍኑት። በ1950ዎቹ ቨርጂኒያ ውስጥ ጥቁር ቆዳ ያለው ልጅ የሚላከው ወደ ጥቁሮቹ ትምህርት ቤት ነበር፤ ወላጆቹ ከየት አገር መጡ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ዛሬ ልጃችን ከማንም ጎን ተቀምጦ የሚማረው የጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች ከፍለውበት ነው። እቤት ውስጥ ስለ እነሱ በንቀት የምንወረውረውን ቃል ልጁ ይሰማል፤ ላይብረሪው ያነበበለትን ማታ ቤቱ እንዳያፈርስበት መጠንቀቅ የወላጅ ድርሻ ነው። እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ከመጽሐፍ አትፈልጉትም፤ በ2009 ፔታሕ ቲክቫ ውስጥ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች የቤተ እስራኤል ልጆችን አንመዘግብም ሲሉ አይታችሁታልና።

በሥራ ላይ ላላችሁ አንድ የጥንቃቄ ነገር ልጨምር። እነዚህ መጻሕፍት አቤቱታ ይቀርብባቸዋል። በ2021 ቴነሲ፣ ዊሊያምሰን ካውንቲ ውስጥ የወላጆች ቡድን ስለ ሩቢ ብሪጅስ በሚተርክ የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ሳይቀር አቤቱታ አቅርቦ ነበር። ስለዚህ ከማንበባችሁ በፊት የክፍሉን መምህርና ርእሰ መምህሩን አሳውቁ፤ የወረዳው የትምህርት መመሪያ ይህን ታሪክ በየትኛው ክፍል እንደሚጠይቅ አውጥታችሁ ያዙ። በቨርጂኒያ የብራውን ፍርድ በራሱ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ያለ ነው፤ መመሪያውን የያዘ ሰው ለአቤቱታ የሚመልሰው አያጣም።

ከክፍለ ጊዜው በኋላ ቤተሰብ የሚሄድበት ቦታ ከጠየቃችሁ፣ ለዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪ ቅርቡ የአሌክሳንድሪያ የጥቁሮች ታሪክ ሙዚየም ነው፤ ያረፈውም በ1940 ለጥቁሮች ብቻ በተከፈተው በዚያው ላይብረሪ ሕንፃ ነው። የባርባራ ትምህርት ቤት ፋርምቪል ውስጥ ሙዚየም ሆኗል፤ በመኪና ወደ ሦስት ሰዓት ስለሚወስድ ከአራተኛ ክፍል በታች ያለ ልጅ ይዛችሁ ባትነሡ ይሻላል። የሚከፈቱበትን ቀን አስቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ።